ግፊ የማያስነሣት መኪና፦ የባትሪ ታሪክ ከአንኮበር እስከ ጣርማበር

በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ጎሕ ሳይቀድ ከመናኸሪያው አካባቢ የሚሰማው ድምፅ የታወቀ ነው። ቁልፍ ይዞራል፤ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ያቃስትና ጸጥ ይላል። ረዳቱ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ይወርዳል፣ ከአላፊ አግዳሚው ሁለት ሦስት ሰው ይለምናል፣ መኪናዋ ተገፍታ ትነሣለች። የገፉት ሰዎች እጃቸውን አራግፈው ወደ ጉዳያቸው፣ ተሳፋሪውም ወደ ሸዋ ሮቢት። ከሰዓት በኋላ በመልሱ፣ ከደብረ ሲና ሽቅብ የጣርማበር ዳገት ሲጀመር፣ ያቺው መኪና ጉልበት ይከዳታል። ነዳጅ ሲሰጧት ትታፈናለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ማርሽ ሲቀንሱላት እንኳ አትሰማም። ሹፌሩም ከቀደሙት ሹፌሮች የወረሰውን ፍርድ ይሰጣል፦ ከፍታው ነው፣ አየሩ ቀጭን ነው።

ፍርዱ ውሸት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ወደብ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ ሲደርስ 70 ገደማ ይቀረዋል። በዚህ ክርክር የለም። ግን ከፍታው ትናንትም ነበረ። ባለፈው ሳምንት ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ የወጣች መኪና ዛሬ በአንደኛ የምታቃስተው ተራራው ሌሊቱን ስላደገ አይደለም። የተለወጠ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የተለወጠው ጠዋት መናኸሪያ ላይ ምልክቱን ሰጥቶ ነበር። ጠዋት ያልነሣችውና ከሰዓት ጉልበት ያጣችው በአንድ ምክንያት ነው፤ ቮልቴጁ ወርዷል።

ይህን ሹፌሩ አይቀበልም። ባትሪ ለማስነሣትና ለመብራት ነው፣ ከተነሣች በኋላ ከባትሪ ጋር ምን ጉዳይ አላት ይላል። የሚገርመው፣ ይህ እምነት በአንድ ዘመን ፍጹም ትክክል የነበረ መሆኑ ነው። ከየት እንደመጣና መቼ ትክክል መሆኑን እንዳቆመ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን የመረጡት ለመንኰራኩር አልነበረም። ገደሉ ምሽግ ነው፤ ከሥሩ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር የሚመጣውን ጨውና ሸቀጥ ይቀበላል፤ ከገበያው ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚያወጣው በቅሎና የሰው ጫንቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ የካፒቴን ሃሪስ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ አቀበት ነው። በ1871 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከምኒልክ ዘንድ የደረሰውም ወደ አንኮበር ነበር። የዘመኑ መሣሪያ ሁሉ ፍቅር የነበራቸው ንጉሥና መሣሪያ መሥራት የሚችል ሰው እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ተገናኙ፤ መኪና ግን አንኮበርን እንደ ዋና ከተማ አላገኛትም። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ነበር።

የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባች። ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ተራራውን ወራት ፈጅቶ አቋርጦ፣ ለዐፄ ምኒልክ አስረከባት። ብዙም ሳይቆይ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ በሌላ መኪና ተከተለ። ስለ ሁለቱ ሽቅድምድም ብዙ ተብሏል፤ እዚህ የሚፈለገው ግን በዚያ ዘመን መኪና ሆድ ውስጥ የነበረው ነገር ነው።

ቤንዚን ሞተር እንዲሠራ ብልጭታ ይፈልጋል። ያንን ብልጭታ የዚያን ጊዜ መኪኖች የሚያገኙት በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ በሚያልቅ ባትሪና በቦቢና ነው፤ ሁለተኛውና የበለጠ የታመነው ማግኔቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በቦሽ ድርጅት ጎትሎብ ሆኖልድ የሠራው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ማግኔቶ ነገሩን ለወጠው። ማግኔቶ ማለት ቋሚ ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ነው፤ ሞተሩ ሲዞር አብሮ ይዞርና የራሱን ኤሌክትሪክ ይወልዳል። ባትሪ የለም፣ የሚሞላ ነገር የለም፣ ሌሊት በብርድ የሚደክም ነገር የለም። አዙረው ብቻ፤ እሳቱ ከመዞሩ ይመጣል። ስለዚህ ግፊ ሙሉ መድኃኒት ነበረ። ወይ ከፊት በኩል የእጅ ማዞሪያ ብረት ተሰክቶ ይዞራል፣ ወይ መኪናዋ ትገፋለች፤ ከተነሣች በኋላ እስከ ጉዞዋ መጨረሻ ለብልጭታዋ የማንም ባለዕዳ አይደለችም። በዚያ ዘመን ባትሪ ከሞተሩ ጉልበት ጋር ጉዳይ የለውም ያለ ሰው ልክ ነበር።

ችግሩ ማዞሪያው ብረት ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ብረቱ የሰው ክንድ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ፣ ቻርልስ ኬተሪንግ በሠራው መሣሪያ፣ በኤሌክትሪክ የሚነሣ መኪና ለገበያ አቀረበ። ሞተሩን የሚያዞር ትንሽ ሞተር፣ እርሱን የሚመግብ ባትሪ፣ ባትሪውን የሚሞላ ዲናሞ። ባትሪው አንዴ መኪናዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ መሐንዲሶቹ ማግኔቶውን ቀስ እያሉ ጣሉት። ከባትሪው ቀጥታ ቦቢናን መመገብ ይረክሳል፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞርም ብልጭታው ጠንካራ ነው። ሰው የተለዋወጠውን ነገር ብዙም አላስተዋለውም። ክንዱ ከመሰበር ዳነ፤ የሞተሩ እሳት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በባትሪው ጤና ላይ ተንጠለጠለ።

ሰሜን ሸዋ ሞተርን በብዛት ያየችው በመከራ ጊዜ ነው። ከማይጨው ውጊያ በኋላ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ጣሊያኖች ለፕሮፓጋንዳቸው የብረት ፈቃድ ጉዞ ብለው ሰየሙት። ብረቱም ፈቃዱም ጣርማበር ላይ ቆመ። ኢትዮጵያውያን የገደሉን መንገድ አፍርሰውት ነበርና መሐንዲሶቹና ሠራተኞቹ ጠግነው እስኪያሳልፉ ድረስ ያ ሁሉ መኪና በዝናብና በጭቃ ተደርድሮ ጠበቀ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው።

በዚያን ጊዜ የነበሩት የጭነት መኪኖች ገና በሁለት ዘመን መካከል ያሉ ናቸው። ብዙዎቹ ባትሪ አላቸው፤ ከፊታቸው ግን የእጅ ማዞሪያው ቀዳዳ አልተደፈነም። የጣሊያን መኪኖች የኤሌክትሪክ ዕቃ ትልቁ አምራች ማኜቲ ማሬሊ የተባለው ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ሲቋቋም ስሙን ያገኘው ከማግኔቶ ነው። ከፍታና ብርድ ላይ የቆመ የጦር መኪና በባትሪ ካልተነሣ በክንድ ይነሣል። በአምስቱ ዓመት የጠላት መኪና በዚህ መንገድ ላይ ካልተነሣ ደግሞ የሚያስፈራው ብርዱ ብቻ አልነበረም፤ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ከመንዝና ከአንኮበር ጋራ ሥር አልጠፉም።

ጣሊያን መንገዱን አስፍቶ፣ የጣርማበርን አለት በስቶ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ዋሻ ሠራ። ዋሻው ዛሬም አለ። ከዋሻው የበለጠ ግን የቀረው ቃሉ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ቦቢና፣ ካንዴላ። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ የኢትዮጵያ መካኒክ ይህን ሳያውቅ ሞተሩ ውስጥ አራት ሻማ ሲያበራ ይውላል። ከቃሉ ጋር አንድ ሌላ ነገር አብሮ ገባ፤ የሙያው ክፍፍል። ሞተር የሚፈታ አንድ ሰው ነው፣ ሽቦ የሚነካ ሌላ ሰው ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን ዕቃ አይነካም። ጉልበት የጠፋባት መኪና የምትገባው ወደ መካኒኩ ነው፤ መብራት የጠፋባት ወደ ኤሌክትሪሺያኑ። መብራቷ እየበራ ጉልበቷ የጠፋው በቮልቴጅ ምክንያት ከሆነስ? የማንም አይደለችም። የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ጣጣ እዚህ ላይ ነው።

ከነጻነት በኋላ ሁለት መኪኖች በሸዋ መንገድ ላይ ሁለት የተለያየ ትምህርት አስተማሩ።

አንደኛዋ ቮልስ ናት። አዲስ አበባ እንደ ልጇ የምትወዳት ይህች ጥንዚዛ እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የምትሠራው በ6 ቮልት ነበር፤ 12 ቮልት የሆነችው ከ1967 ሞዴል አካባቢ ጀምሮ ነው። ልዩነቱ ቁጥር ብቻ አይደለም። የዛገ ማሰሪያ ወይም ያረጀ ገመድ ግማሽ ቮልት ቢበላ፣ ከ12 ላይ የሚጠፋው አራት በመቶ ገደማ ነው፤ ከ6 ላይ ግን ስምንት በመቶ ይሆናል። ለዚያውም 6 ቮልት ያንኑ ሥራ ለመሥራት እጥፍ ከረንት ስለሚስብ፣ በዚያው ገመድ ላይ የሚጠፋው ራሱ ይበዛል። አሮጌ ባለ 6 ቮልት ቮልስ ይዞ ደብረ ብርሃን ያደረ ሰው፣ መብራቷ እንደ ኩራዝ ሲደበዝዝና ሞተሪኖው ሲለምን ያየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቦቢናውም ከዚሁ ይሠቃያል። ቦቢና ውስጥ የሚጠራቀመው የብልጭታ ኃይል በከረንቱ ልክ ሳይሆን በከረንቱ ካሬ ነው የሚቆጠረው። 12 ቮልት ሊያገኝ የሚገባው ቦቢና 9 ቮልት ካገኘ ከረንቱ በሩብ ይቀንሳል፤ የብልጭታው ኃይል ግን ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ሩብ ቀነሰ ተብሎ ግማሽ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ሞተር ፈጣሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው አንዳንድ ቦቢና ለትንሽ ቮልት ተሠርቶ ከፊቱ መከላከያ ሬዚስታንስ የሚደረግለት፤ ሞተሪኖው ሲዞርና ቮልቴጁ ሲወርድ መከላከያው ታልፎ ባትሪው ቀጥታ ይሰጣል። ያንን ሬዚስታንስ ምን ያደርጋል ብሎ የቆረጠው ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቁት የቦቢና ነጋዴዎች ናቸው።

ቀጭን አየር እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ፀባይ አለው። ብልጭታ በቀጭን አየር ውስጥ ለመዝለል ያነሰ ቮልት ይበቃዋል፤ ይህ ለደጋ መኪና የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን ለወደብ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ በጥላሸቱ በኩል ኃይሉ ይሰርቃል። ከሞተሩ ውጭም ያው ቀጭን አየር ደካማ መከላከያ ነው። የጣርማበር ጉም ያረጁትን የካንዴላ ገመዶች ሲያረጥብ ብልጭታው ወደ ካንዴላው ከመድረሱ በፊት በገመዱ ቆዳ ላይ ያመልጣል። ሌሊት ጉም ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ ያየ ሰው ሰማያዊ ክር ሲዘል ያየዋል። ቮልቴጁ ሙሉ የሆነ መኪና ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ያልፋል። ከፍታው ደካማውን መኪና ያጋልጠዋል እንጂ ብቻውን አይጥለውም።

ሁለተኛው አስተማሪ ኤንትሬ ነው፤ ፊያት 682 ኤን 3። የአሰብንና የደሴን ጭነት በትከሻው የተሸከመ መኪና ነው። ናፍጣ ሞተር ብልጭታ አይፈልግም፤ ናፍጣው በግፊት ሙቀት ይቀጣጠላል፤ የዚያ ዘመን ፖምፓ ደግሞ ፍጹም ሜካኒካል ነው። ባትሪ የሚያስፈልገው ለማስነሣትና ለመብራት ብቻ ነው፤ አንዴ ከተነሣ ባትሪውን ነቅለው ቢጥሉት እንኳ ሞተሩ ይሄዳል። ስለዚህ በብርድ አገር የሚያድር የናፍጣ ሹፌር ሕግ አንድ ነበር፤ መኪናህን ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገህ አቁም። ጠዋት ፍሬኑን ልቀቅ፣ ማርሽ አስገባ፣ ተራራው ራሱ ይገፋልሃል። ለሚኒባስ ሹፌሩ ባትሪ ለማስነሣት ብቻ ነው የሚለውን እምነት ያወረሱት እነዚህ የኤንትሬ ሹፌሮች ሳይሆኑ አይቀሩም። ለእነርሱ እውነት ነበር። የያዙት መኪና ያደረገው እውነት ነው።

ከዚያ የጃፓን መኪና መጣ። ሚኒባሱ፣ ኮሮላው፣ ቪትዙ። ካርቡራቶር ቀርቶ ኢንጀክሽን ሆነ፤ ነዳጁን የሚገፋው በኤሌክትሪክ የሚዞር ፓምፕ ነው፤ የሚከፍተውና የሚዘጋው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኖዝል ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው መንገድ ይታመማሉ።

ፓምፑ እንደማንኛውም ሞተር ቮልቱ ሲቀንስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ማንም አያውቅበትም፤ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት፣ ግፊቱ ይወድቃል፤ ሞተሩ አየር በዝቶበት ነዳጅ ያጥረዋል፤ ይታፈናል። ኖዝሉ ትእዛዝ ከተሰጠው በኋላ እስኪከፈት ጥቂት ጊዜ ይወስድበታል፤ በ14 ቮልት ይህ ጊዜ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያንሳል፤ ቮልቱ ወደ 10 ሲወርድ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ሚኒሞ ላይ ኖዝሉ የሚከፈተው ለሁለት ሦስት ሺኛ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ይህ ትንሽ መዘግየት ትንሽ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ቮልቴጁን እየለካ ያካክሳል፤ የሚለካው ግን ራሱ ጋ የደረሰውን ቮልት ነው። የፓምፑ ወይም የኖዝሉ መስመር በዝገት ተበልቶ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያምናል፤ ሞተሩ ይራባል። ቮልቱ የባሰ ከወረደ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይጠፋና ይነሣል፤ መኪናዋ ለአፍታ ትሞታለች፤ ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ ይበራል፤ ሹፌሩ ልቡ ይወርዳል።

ግፊም እዚህ ላይ ነው ሥልጣኑን ያጣው። ማግኔቶ ላለው ሞተር ግፊ በቂ ነበር። ቦቢናና ባትሪ ላለው፣ ባትሪው ውስጥ ትንሽ ነፍስ ካለ ግፊ ይሠራል። ኮምፒዩተርና ፓምፕ ላለው ግን ባትሪው ሙሉ በሙሉ ከሞተ መንደሩ ሁሉ ቢገፋ አይነሣም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነማ ጭራሽ አይሞከርም።

የሰሜን ሸዋ መንገድ ለባትሪ የተሠራ ወጥመድ ይመስላል። ደብረ ብርሃን በደረቁ ወራት ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል፤ ውርጭ ይጥላል። ሊድ አሲድ ባትሪ በዜሮ ዲግሪ የማስነሣት አቅሙ ሲሶ ያህል ይጠፋል፤ በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ወፍሮ ሞተሪኖው የበለጠ ከረንት ይጠይቃል። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ሸዋ ሮቢት አለች፤ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ቆላ፣ ሙቀት። ባትሪን በእርግጥ የሚያረጀው ሙቀት ነው፤ ውኃውን ያደርቃል፣ የውስጡን ሊድ ይበላል። በየቀኑ ሁለቱን የምትመላለስ ሚኒባስ ባትሪዋ የሚቆስለው ሮቢት ላይ፣ የሚያቃስተው ደብረ ብርሃን ላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ብርዱ ይወቀሳል። ብርድ ልብስ የምታመርተው ከተማ ለመኪኖቿም ብርድ ልብስ ብታለብስ አይፈረድባትም፤ በሽታው ግን የተያዘው ቆላ ነው።

ዲናሞውም ከጥፋት ነጻ አይደለም። እዚህ ላይ ስሙ ያሳስታል። እውነተኛው ዲናሞ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአልተርኔተር ተተክቷል፤ አማርኛው ግን አሮጌውን ስም ይዞ ቀረ። አሮጌው ሚኒሞ ላይ ምንም አይሞላም ነበር፤ አልተርኔተሩ ይሞላል፤ ግን በዚያ ፍጥነት ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። በምሽት ጣርማበር ላይ ከከባድ መኪና ኋላ እየተንፏቀቁ ሲሄዱ፣ መብራቱ 100 ዋት ያልፋል፣ ዝናብ መጥረጊያው ይሠራል፣ መስታወቱን ከጉም የሚያደርቀው ማራገቢያ ይነፋል፣ የነዳጅ ፓምፑ ይዞራል። በዚህ ላይ ረዳቱ ያስገባው ትልቅ ድምፅ ማጉያና በየጥጉ የተሰካው ጌጥ መብራት አለ። ቺንጋው ላልቶ ከተንሸራተተ ሒሳቡ አይሞላም፤ ልዩነቱን ባትሪው ይከፍላል። ባትሪው ሲያልቅ ሞተሩ ይከተላል።

ጣርማበር ላይ ሞተር መጥፋት ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ እንደመጥፋት አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ ለፍሬን የሚያግዘው ቫኪዩም ከአንድ ሁለት መርገጥ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪው ይከብዳል። ከኋላ የጫነ መኪና አለ፤ ከጎን ገደል አለ፤ መብራቱ ደብዝዟል፤ ጉሙ ወርዷል። ውስጥ አሥራ ጥቂት ሰው ተቀምጧል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄድ አንድ የዛገ የኔጌቲቭ ገመድ ሊሆን ይችላል።

ያ ገመድ ምን ያህል እንደሚያደርግ በቀላሉ ይሰላል። ሞተሪኖ ሲያስነሣ 150 አምፒር ቢስብና የገመዱ ማሰሪያ የአንድ ኦም መቶኛ ያህል ብቻ ቢያስቸግር፣ አንድ ቮልት ተኩል እዚያው በሙቀት ይጠፋል። መካኒኩ ግን ገመዱን አያይም፤ ሥራው አይደለም። ካንዴላ ያስቀይራል። ካልሆነ ኖዝል ያሳጥባል። ካልሆነ ፓምፕ ያስገዛል። በመጨረሻ ሞተር ይውረድ ይባላል፤ ሪንግ ይቀየራል፤ ባለመኪናው የስንት ወር ገቢውን ያወጣል፤ መኪናዋም ያው ዳገት ላይ ያንኑ ትላለች። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ መብራቱ ስለበራ ባትሪው ደህና ነው ብሎ አሰናብቷል። መብራት በ11 ቮልትም ይበራል።

የሚያሳዝነው መፍትሔው በኪስ የሚገባ ርካሽ ቮልት መለኪያ መሆኑ ነው። ያደረች መኪና ባትሪ ሙሉ ከሆነ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ያለው የደከመ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ገመዱ ጥያቄ አለበት። ከተነሣች በኋላ መብራትና ማራገቢያ ሁሉ በርቶ 13.8 እስከ 14.4 መካከል ካልቆመ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይታያል። ከዚያ መለኪያውን አንዱን እግር ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ማዞር ነው፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ሌባው ተይዟል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተር ከማውረድ በፊት ይህን የሚያደርግ መካኒክ የለም ማለት አይደለም፤ አሉ፤ ደንበኞቻቸውም ያውቋቸዋል። ነገር ግን ሞተር አውራጁ እንደ ሐኪም፣ ሽቦ ነኪው እንደ ረዳት በሚታይበት ግቢ ውስጥ ሐኪሙ የረዳቱን መሣሪያ ማንሣት ይከብደዋል። ይህ የአምስቱ ዓመት ውርስ ነው፤ ከዋሻው የበለጠ የጸና ውርስ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በደብረ ብርሃን መንገድም ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ማለፍ ጀምረዋል። ቀጭን አየር እነርሱን አይመለከታቸውም፤ የሚተነፍሱት ነገር የለምና ጣርማበርን እንደ ሜዳ ይወጡታል። ስለ ከፍታ ሲነገር የኖረው ሰበብ ሁሉ በአንድ ትውልድ ሊያበቃ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ፣ ከወለላቸው ሥር ከተነጠፈው ትልቅ ባትሪ ሌላ፣ አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ኮምፒዩተሩን የሚቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚዘጋው እርሱ ነው። ያ ትንሹ በብርድ ከደከመ ትልቁ ሙሉ ሆኖ ተኝቶ ይቀራል። በታኅሣሥ ጠዋት መናኸሪያው ዳር እንዲህ ያለች መኪና ብትቆም፣ ረዳቱ እንደ ልማዱ ጋቢውን አስተካክሎ ይወርዳል፣ ሁለት ሦስት ሰው ይጠራል፤ የተጠሩትም ይመጣሉ፣ እጃቸውን ያፍተለትላሉ፣ ከኋላዋ ይቆማሉ። መግፋቱን ግን ምን ያደርግላታል?